የሶፋ ሰሪው ቤት አፈ ጉባኤ

እኛ ሕንፃ ውስጥ አንዲት አፈ ጉባኤ አለችን። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ሰፈሩም ሳይከራከር ተቀበለኝ። በዚያ ቤት ያለ እሷ ፈቃድ ቃል ከአንዱ አፍ ወጥቶ ሌላው ጆሮ አይደርስማ!

አባትየው ሶፋ ሰሪ ነው። ወጣት ሳለ እንጀራ ፍለጋ ሰው አገር ሄደ፤ እዚያ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የወንበር ልብስ የምትሰፋ ልጅ አየ፤ ወደደ፤ ይዟት መጣ። ሳይግባቡ እንዴት እንደተጫጩ ስጠይቀው "በእጅ ነዋ" ይለኛል፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ "በምልክት ማለቴ ነው እትዬ፣ ክፉ አታስቢ!" ብሎ ይስቃል። እስካሁንም ከሷ ቋንቋ የሚያውቀው ሚስማር፣ ጨርቅ፣ ሳቢ፣ ብዪ፣ ተኚ ነው። እሷም ከኛ የምታውቀው ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሶፋ ለመሥራት ይበቃል።

እናትየው መጀመሪያ ላይ ትታገል ነበር። ብቻዋን ዳቦ ቤት ሄዳ፣ ዳቦውን ይዛ፣ እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ ስታሳየኝ ትዝ ይለኛል። ኋላ ልጅቷ ተወለደች፤ አፏንም በሁለቱም ቋንቋ እኩል ፈታች። ልጅ አፏን ስትፈታ እናት አፏን ዘጋች፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤቱም፣ የቤት አከራዩም፣ ውኃ ቆራጩም፣ ጨርቅ ሻጩም የሚነጋገሩት ከልጅቷ ጋር ሆነ። ቁመቷ ባንኮኒው ላይ ሳይደርስ የእናቷን የሆድ ሕመም ለሐኪም ታስረዳ ነበር። ሰው ሁሉ "እንዴት ያለች ብልህ!" ይላል። እኔም ብያለሁ። ብልህ ስንላት አደገች እንጂ ልጅ ስንላት አላደገችም።

ሥራ ቤታቸው ምድር ቤት ነው፤ እነሱና እኔ የምንኖረው ከላዩ ነው፣ በር ለበር። እኔ ላውንድሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነኝና ከሰዓት በኋላ ቀድሜ እገባለሁ። አንድ ቀን እግሩ የተናጋ ወንበሬን ይዤ ወረድኩ። ስፖንጁ ተቆልሏል፣ ማስቲሹ ይሸታል፣ አባትየው አፉ ውስጥ ሚስማር ይዞ አንድ ያልለበሰ ሶፋ ላይ አጎንብሷል። እናትየው ስፌት መኪናው ላይ ናት። ልጅቷ በመሐል በርጩማ ላይ ተቀምጣ የወንበር አጥንት በእርሳስ ትሥላለች። ሥዕሏ ሥዕል እንዳይመስላችሁ፤ ወንበሩን እንደ ዓሣ ለሁለት ሰንጥቃ ውስጡን ነው የምታሳያችሁ።

አባትየው ሚስማሩን ከአፉ አውጥቶ ጨርቁን ወደ ብርሃን አነሣ። ከፋይ ነው፤ ጠጉሩ ወደ ታች መተኛት ሲገባው ወደ ላይ ዞሮ ተቆርጧል።

"ይቺ ሴት ስትቆርጥ ዓይኗን የት ነው የምታስቀምጠው? በዚህ ላይ ደንበኛ አይደለም አህያም አይቀመጥ! ንገሪያት!"

ልጅቷ እርሳሷን ሳታነሣ ለእናቷ አንድ ለስለስ ያለ ነገር አለቻት። እናትየው ወደ ባሏ ዞረች፤ መርፌዋን ወደሱ ቀስራ አንድ ረጅም ነገር አወረደችበት።

"ምን አለች?"

"ይቅርታ፣ ዓይኔን ደክሞኝ ነው ትላለች።"

አባትየው ወዲያው ረገበ። "አይ እሷማ… ትረፍ በያት። እኔ አስተካክለዋለሁ።"

ልጅቷም ነገረቻት። ምን ብላ እንደነገረቻት አላውቅም፤ እናትየው ግን ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ልጅቷ አየችኝ። እኔም አየኋት።

በሳምንቱ ድንች ስልጥ ልጅቷ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች፤ ቢላዋም አነሣች። ሁለት ሦስት ድንች ልጣ በሌላ ከተማ ስላለ የሕንፃ ንድፍ ትምህርት ቤት ነገረችኝ። አዳሪ ነው። ሥዕሎቿን አስተማሪዋ ልኮላት ተቀብለዋታል።

"እሰይ! ታዲያ ፊትሽ ለምን ሐዘን ቤት መሰለ?"

"ወላጆች በአፋቸው መፍቀድ አለባቸው። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ሐሙስ ቤት ትመጣለች።"

"ይፍቀዱ ነዋ። አልጠየቅሻቸውም?"

"አባዬን ስጠይቀው 'እናትሽ ምን አለች?' አለኝ። እማን ስጠይቃት 'አባትሽ ምን አለ?' አለችኝ።" ድንቹን ገለበጠችው። "እትዬ፣ እነሱ ምን እንዳሉ የምወስነው እኔ ነኝ እኮ። ስለ ሌላ ነገር ሲሆን ይቀለኛል። ስለራሴ ሲሆን ግን እጄ ይያዛል።"

"መሄድ ትፈልጊያለሽ?"

ቢላዋውን አቆመች። "ሌሊት ሌሊት ያንን ግቢ እየሣልኩ ነው የማድረው" አለች። "አይቼው አላውቅም። በሮቹን ግን አውቃቸዋለሁ።"

ሐሙስ አማካሪዋ መጣች። ወጣት ናት፤ ትሕትናዋ ጥሩ፣ ጫማዋ ግን ለደረጃችን የማይሆን። እናትየው ጎትታ አስገባችኝ፤ እንግዳ ሲመጣ ከጎኗ እንድቀመጥ ትወዳለች። አባትየው ማስቲሽ በነካው እጁ ላለመጨበጥ ክንዱን ሰጥቶ፣ በሩ ላይ ቆመ። ልጅቷ እንደ ልማዷ መሐል ላይ ተቀመጠች።

አማካሪዋ እንዲህ ስትል ጀመረች፦ "ከሁለት አገር ሰዎች የተወለዱ ልጆቻችን በሕይወታቸው ምን ያህል ደስተኛ እንደሆኑ ማወቅ እንፈልጋለን። ወይዘሮ፣ ልጅዎ ምን ያህል ደስተኛ ናት ይላሉ? ከአሥር ስንት ይሰጧታል?"

እንግዲህ አስቡት። ልጅቷ ስለራሷ ደስታ የሚጠየቀውን ጥያቄ ለእናቷ ራሷ ታቀብላለች፤ መልሱንም ራሷ ተቀብላ ትመልሳለች። ዳኛም፣ ከሳሽም፣ ምስክርም እሷ ሆነች።

አቀበለች። እናትየው ሰማች፤ ጉልበቷን አቅፋ መናገር ጀመረች። ብዙ ተናገረች። አንዴ ጥርሷን ነክሳ አሳየች፣ አንዴ ወደ መስኮቱ ጠቆመች፣ አንዴ የልጇን ራስ ያዘች። ድምጿ ሁለቴ ተሰበረ።

"ስምንት ትላለች" አለች ልጅቷ።

አማካሪዋ ቅንድቧን አነሣች። "ይሄ ሁሉ ስምንት ነው?"

"በነሱ ቋንቋ ቁጥር ይረዝማል" አልኩ እኔ ሳላስበው። አባትየው ብቻ ሳቀ።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ፤ ትሂድ ወይስ ትቅር? አባትየው ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። "እናቷ እሺ ካለች እኔ ምን ቸገረኝ? ይሰፋኛል ቤቱ፣ ይቀዘቅዘኛል፣ ግን… እናቷ እሺ ካለች።"

ልጅቷ ለእናቷ ነገረቻት። የእናትየው መልስ በዚህ ጊዜ አጭር ነበር፤ መጨረሻ ላይ ሳቅ ነገርም ነበረበት።

ልጅቷ ወለሉን እያየች "ዘንድሮ አይሆንም ትላለች" አለች። "ጤናዬም ልክ አይደለም፣ እሷም ታስፈልገኛለች ትላለች።"

አባትየው ሚስቱን ረጅም ጊዜ አያት። ወደ ታች ወረደ፤ ወዲያው መዶሻው ይሰማ ጀመር፣ ሚስማር የሚመታ ሳይሆን ሚስማር የሚገድል ነበር የሚመስለው። አማካሪዋ "እስከ ነገ ማታ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል" ብላ ተነሣች። እናትየው ተነሥታ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሴትዮዋን እቅፍ አድርጋ ግራ ቀኝ ሳመቻት፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። "አይሆንም" ያለች ሴት እንዲህ ስትስም አማካሪዋም ግራ ገባት፤ እኔም ግራ ገባኝ።

በማግሥቱ ከሥራ ስገባ እናትየው በሯ ላይ ጠበቀችኝና ወደ ውስጥ ሳበችኝ። አልጋው ላይ ትልቅ ቦርሳ ተዘርግቷል። አረንጓዴ ከፋይ ነው፣ ባለ ድርብ ስፌት፣ ውስጡ ለእርሳስ፣ ለማስመሪያ፣ ለጫማ ኪስ ኪስ ወጥቶለታል። ማንገቻው ሶፋ የሚሸከም ነው። እናትየው ቦርሳውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ጣቷን ወደ መንገዱ ዘረጋች።

"ልጄ… ይሂድ። መቼ? ጎርቤት፣ መቼ?"

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ቦርሳውን አወደስኩላት፣ እጇን ይዤ "ቆይ" አልኳትና ልጅቷን ፍለጋ ወጣሁ። ሰገነት ላይ አገኘኋት፤ የደረቀውን ልብስ ከገመድ ታወርዳለች።

"እናትሽ ቦርሳ እየሰፋችልሽ ነው።"

እጇ ገመዱ ላይ ቀረ።

"ትላንት ምን ነበር ያለችው?"

"'ትሂድ' አለች።" አንሶላውን ማጠፍ ጀመረች፤ ሌላውን ጫፍ ያዝኩላት። "'ትሂድ' አለችና ሳቀች፤ 'ከዚህ በኋላ ሐኪም ቤት የት ጋ እንደሚያመኝ በጣቴ አሳያለሁ' አለች።"

"ስለ ስምንቱስ?"

"ቁጥር አልሰጠችም። 'እንቅልፏ ውስጥ ጥርሷን የምታፋጭ ልጅ ከአሥር ስንት ይሰጣታል? መስኮት ላይ እየቆመች የምትውል ልጅ ስንት ይሰጣታል?' አለች።"

"ታዲያ አንቺ ልጅ፣ እሷ 'ትሂድ' ስትል አንቺ ለምን ራስሽን አሰርሽ?"

"ብሄድ ይገናኛሉ።"

"እነማን?"

"እማና አባዬ።"

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። "እግዜር ያሳይሽ! ባልና ሚስት እኮ ናቸው! ተገናኝተው አይደል እንዴ አንቺን የወለዱሽ?"

እሷ አልሳቀችም። አንሶላውን ከእጄ ወሰደች። "እሱ የሚያውቃት እኔ የሠራሁለትን ሴት ነው፤ የምታመሰግነዋን፣ ይቅርታ የምትጠይቀዋን። እሷም የምታውቀው እኔ የሠራሁላትን ሰውዬ ነው። እውነተኛውን ቢሰሙት… እትዬ፣ አንቺ ምን እንደሚባባሉ አታውቂም። እኔ አውቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቃላቸውን በብርጭቆ ወረቀት እየላግሁ ነው የማቀብላቸው።" ልብሱን ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። "ትምህርት ቤት 'የሁለት አገር ልጅ፣ ታድለሽ!' ይሉኛል። ሁለት በር ያለው ቤት ያለኝ ይመስላቸዋል። እኔ ግን በሩ ነኝ። ሁሉም በኔ ያልፋል፣ እኔ የትም አልገባም።"

ነገሩ ልብስ ቢሆን ውኃ ረጭቼ እተኩሰው ነበር።

"ነገ ቦርሳውን ይዛ 'መቼ ነው?' ስትልሽስ?"

"ቦታው ለሌላ ተሰጠ እላታለሁ። ማታ ካለፈ እውነት ይሆናል።"

ይሄኔ ተናደድኩ፣ አልዋሽም። "እስከዚያው አባትሽ እናትሽን ልጄን አሰረችብኝ ብሎ ቂም ይያዝ? መዶሻውን አትሰሚም? ማስታረቅ ይሄ ነው?"

ፊቷ ተለወጠ። ያንን አላሰበችውም ነበር። መሰላሉን ሁሉ ስትጠግን የራሷ እግር የቆመበት እርከን መበስበሱን አላየችም።

ነገር አላበዛሁም። ወርጄ እናትየውን ከነቦርሳዋ በእጇ ይዤ ወደ ሥራ ቤቱ ወረድኩ፤ ልጅቷም ቅርጫቷን እንደታቀፈች ተከተለችን። አባትየው ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ቦርሳውን ነው።

"ይሄ የደንበኛ ከፋይ አይደለም እንዴ? ጭራሽ! ልጄን ከትምህርቷ አስቀርታ ለራሷ ቦርሳ ትሰፋለች? የት ልትሄድ ነው? ትሂዳ! መንገዱ ያውና!"

እናትየው እንደ ሁልጊዜው ወደ ልጇ ዞረች። ልጅቷ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ያንን የብርጭቆ ወረቀቷን ስትፈልግ ታየኝ።

"እንዳለ" አልኳት። "ሳትልጊ።"

ነገረቻት። እናትየው ቀስ ብላ ገረጣች። አንዲት ጥያቄ ጠየቀች፤ ልጅቷ መለሰችላት፤ እናትየው ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ባሏን አየችና ተናገረች።

"'እኔ አላስቀረኋትም' ትላለች" አለች ልጅቷ። "'ከተረፈው ጨርቅ ነው የሰፋሁት፤ ለሷ ነው' ትላለች። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ይሄ የሷ አይደለም፤ ይሄ የኔ ነው። ትላንት 'ትሂድ' ነበር ያለችው። ዋሽቼ ነው። ሁልጊዜም ነው። 'ይቅርታ' ብላህ አታውቅም። አንተም 'ትረፍ' ከማለትህ በፊት ያልከውን አልነግራትም።"

ይሄንኑ ለእናቷም ደገመችላት። መዶሻው በአባትየው እጅ ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔ ጣራው የሚወርድ መስሎኝ ነበር።

እናትየው ግን ልጇን ትክ ብላ አየቻትና ለልጅ ተረት የምትነግር ያህል በርጋታ ተናገረች። ልጅቷ መተርጎሙን ረሳችው፤ ክርኗን ነካሁ።

"'ፊቱ ነጎድጓድ እየሆነ ቃሉ ማር ሲሆን እያየሁ ኖሬያለሁ' ትላለች። 'ቋንቋ ባይኖረኝ ዓይን አለኝ። አንቺ ስትደባብሺው ደስ የሚልሽ መሰለኝ፤ ጨዋታሽ ነው ብዬ ነው የተውኩሽ' ትላለች።"

አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔስ? መርፌ ቀስሮ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አውቃለሁ? አንቺ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው እንጂ መተርጎም በጀመርሽ በመጀመሪያው ዓመት ነው የነቃሁት። በራስሽ ጉዳይ ትዋሺያለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም።"

እኔ ሳቄ መጣ። ልጅቷን ሳያት ግን ተዋጠ። ያልለበሰ ሶፋ ላይ፣ እዚያው ጠፍሩ ላይ፣ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች።

"ታዲያ እኔ ምን ሳደርግ ነበር?" አለች።

ማንም አልተረጎመውም፤ እናትየው ግን ገብቷት አጠገቧ ሄዳ ቆመች።

አባትየው እጁን በሱሪው ጠርጎ ስልኩን አወጣ። አማካሪዋ አነሣች። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው።

"እናቷ እሺ ብላለች፤ ትላንት መተርጎሙ ላይ ነው ችግሩ" አላት።

አማካሪዋ "ትላንትም ገርሞኝ ነበር" አለች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጅቷ ሳታስተረጉም ከእናትየው ከራሳቸው አፍ መስማት አለብኝ። በሚችሉት ያህል ይንገሩኝ።"

ስልኩ ለእናትየው ተሰጠ። እንደ ትኩስ ድስት በሁለት እጇ ያዘችው።

"እኔ… እናት" አለች።

"አዎ፣ ወይዘሮ። ልጅዎ እንድትሄድ ይፈቅዳሉ?"

እናትየው ዓይኗን ወደ ልጇ ወረወረች። ልጅቷ ከጠፍሩ ላይ ብድግ አለች፣ አፏ ተከፈተ፤ ከዚያ ራሷ በራሷ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ጣቶቿ ጉንጯ ላይ ነጭ እስኪሆኑ ነው የጫነችው።

"አዎ" አለች እናትየው።

"የገባዎት እርግጠኛ ነዎት? ወይስ ዝም ብለው ነው አዎ የሚሉት?"

"አዎ።"

አባትየው ግንባሩን መታ። ከስልኩ ወዲያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ልጅቷ ከመዳፏ ሥር አንድ የታፈነ ድምፅ አወጣች። እናትየው የሁላችንንም ፊት አየች፣ ምን እንዳበላሸች አላወቀችም፣ መበላሸቱን ግን አወቀች። ከዚያ ቀላች፤ ተቆጣች።

"አንተ መስማት የለም?" ብላ ስልኩ ላይ ጮኸች። "ልጄ ይሂድ! ሴት ልጄ! ትምህርት ይሂድ! እኔ እሺ፣ እሱ እሺ! እኔ ሰፋ ቦርሳ! ነገ ይሂድ!"

"ነገ አይደለም፣ በወሩ መጨረሻ ነው" አለች አማካሪዋ፤ ድምጿ ውስጥ ሳቅ ነበረበት። "ተሰምቷል ወይዘሮ። ቦታው የልጅዎ ነው።"

ስልኩ ተዘጋ። አባትየው ቦርሳውን አንሥቶ ስፌቱን ጎተት ጎተት እያደረገ መረመረው፤ ኪሶቹን ከፈተ። "ጠጉሩ እኮ አሁንም ወደ ላይ ነው" አላት በኛው ቋንቋ፣ በጣቱ እያሳያት። እናትየው እጁን መታ አደረገችና በሷ ቋንቋ መለሰችለት። እሱ በኛው ቀጠለ፣ እሷ በሷው ቀጠለች፤ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ መቀስ ተነሣ፣ ሜትር ተነሣ። ማንም ወደ ልጅቷ አልዞረም።

እሷ መሐል ላይ ቆማለች። አንዴ ወደ አባቷ ዘንበል ትላለች፣ አንዴ ወደ እናቷ፤ ሚዛን ላይ ያለች ትመስላለች።

"እትዬ፣ ልውጣ?" አለችኝ።

"ውጪ፤ ማን ያዘሽ?"

የያዛት የለም። ሆኖም ቆማ ቀረች። ቅርጫቷን አቀፍኩላትና ቀድሜያት ስወጣ ነው የተከተለችኝ፤ እሱም እስከ ደረጃው ብቻ። የመጀመሪያው እርከን ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ውስጡ በደንብ ይሰማል። እኔም ጉልበቴ እየተንቋቋ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ውስጥ እናትየው የሆነ ነገር ብላ ጠረጴዛውን መታች፤ አባትየውም አንድ ነገር መለሰና ጠረጴዛውን መታ።

"አሁን ምን ተባባሉ?" አልኳት፣ ላስቃት ብዬ።

ጥርሷ ከንፈሯን ይዟል፤ እያንዳንዷን ቃል እየሰማች እንደነበር ከዓይኗ ይታያል።

"አላውቅም" አለች።